ፈታኙና ተፈታኙ

በ1970 ዲሴምበር አጋማሽ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ሴሚናሪ ተማሪዎች ለአንድ ጥናት እየተጠሩ አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ገሚሱ ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ ገሚሱ ደግሞ የሴሚናሪ ምሩቃን ስለሚሰማሩበት ሥራ ነበር የሚናገረው። ንግግሩ የሚቀዳው በሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ተማሪው ካርታ ይሰጠውና በጠባብ መተላለፊያ በኩል ይላካል። እዚያ፣ ከአንድ በር ሥር፣ አንድ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ራሱን ደፍቷል፤ ዐይኑን ጨፍኗል። ተማሪው አጠገቡ ሲደርስ ሁለቴ ይስላል፤ ያቃስታል። ሰውየው ታማሚ ሳይሆን ከጥናቱ ሰዎች አንዱ ነው፤ ሥራው ማቃሰትና ማን ምን እንዳደረገለት ልብ ማለት ነው።

ይህን ያሰናዱት ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን ናቸው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን መንገድ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ዘረጉት ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በመሸኛው ላይ ነበር። አንዳንዱ ተማሪ ሲሸኝ ዘግይተሃል፣ እየጠበቁህ ነው ይባላል። ሌላው ዝግጁ ናቸውና አሁን ሂድ ይባላል። ሦስተኛው ደግሞ ገና ጥቂት ደቂቃ አለህ፣ ቢሆንም ወደዚያው ብትሄድ ይሻላል ይባላል። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ለሰውየው አንድ ነገር አደረጉ፤ መካከለኞቹ 45 በመቶ፤ ከተቻኮሉት 10 በመቶ ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊናገር እየተጣደፈ የሚያቃስተውን ሰው ተራምዶት ያለፈም አልጠፋም። አስቀድመው የሞሉት የሃይማኖት መጠይቅም ቢሆን ማን እንደሚቆምና ማን እንደሚያልፍ ሊተነብይ አልቻለም።

ታሪኩ በዚህ መልኩ ሲነገር ይጥማል። ሰባኪ በስብከቱ ሲወድቅ ማየት የማያስደስተው ሰው ጥቂት ነው፤ በ1973 ከታተመ ጀምሮም ጥናቱ ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ ዐውደ ምሕረት ሲጠቀስ ኖሯል። ቁጥሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ያን ያህል የለየለት አይደለም። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ ከተዘጋጁት 53 በመቶው ረድተዋል፤ ስለ ሥራ ሊናገሩ ከተዘጋጁት 29 በመቶው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን በቂ አይደለም ተብሎ ምሳሌው ፋይዳ እንዳልነበረው ተደመደመ። ተሳታፊዎቹ በጠቅላላው 40 ነበሩ፤ በስድስት ምድብ ሲከፋፈሉ በአማካይ አንዱ ምድብ ሰባት ሰው አይሞላም። አንቶኒ ግሪንዋልድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 ያንኑ መረጃ እንደገና አስልቶ፣ ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ምሳሌው አልሠራም ማለት እንደማይቻል አሳየ። ይህን ማረሚያ የሚጠቅስ ሰባኪ እስካሁን ብዙ አልተሰማም።

ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ ራሳቸው ዳርሊና ባትሰን በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ ያነሡት ነገር ይከብዳል። ሳይቆሙ ካለፉት መካከል ሁለተኛው ሕንፃ ሲደርሱ የተረበሹና የተጨነቁ ነበሩ። ሰውየውን አላየነውም፣ ግድም አልሰጠንም የሚሉ ሰዎች መልክ አልነበራቸውም። የቸኮለው ተማሪ ሰውየውን ጥሎ የሄደው ለራሱ ጉዳይ አልነበረም፤ እሱን ተማምኖ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበረው፤ ያም ተመራማሪው ነው። እንግዲህ እዚያ መተላለፊያ ውስጥ የተጋጩት ደግነትና ጭካኔ ሳይሆኑ ሁለት አደራዎች ናቸው። ከሁለቱ አንደኛውን፣ ማለትም ጥድፊያውን፣ የፈጠረው ተመራማሪው በተናገረው ውሸት ነው። ማንም አልዘገየም። የሚያስቸኩልም አንዳች ነገር አልነበረም።

ስለ ሙከራ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሲወራ ሥነ ምግባሩና ዘዴው ለየብቻ መነሣታቸው የተለመደ ነው። ዘዴው በአንድ ምዕራፍ፣ የተሳታፊው መብት በሌላ። አንባቢው ውሸቱን ለመልካም እውቀት የተከፈለ ዋጋ አድርጎ እንዲያየው፣ ዋጋው በዛ ወይስ ተመጣጠነ ብሎ እንዲከራከር ይጋበዛል። የፕሪንስተኑ መተላለፊያ የሚያሳየው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ውሸቱ ዋጋ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ገብቶ የውጤቱ አካል ይሆናል። ተማሪው ለምን አለፈ ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ግማሹ፣ ተመራማሪውን ስላመነ የሚል ነው።

ማታለሉ ከየት መጣ? መነሻው ተንኮል አልነበረም። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ደግ ትሆናለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አልሆንም አይልም። በ1920ዎቹ ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ ከ10 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ልጆችን ሐቀኝነት ሲመዝኑ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልጆቹን ስለ ሐቀኝነት አልጠየቋቸውም፤ የማጭበርበሪያ ዕድል አመቻቹላቸው። ልጁ የፈተና ወረቀቱን ራሱ እንዲያርም ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያ መልሱ ቅጂ መያዙን አያውቅም። በክፍል ፈተና ያጭበረበረው ልጅ በሳንቲም ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ በጨዋታ የዋሸው በቤት ሥራ አልዋሸም። ሐቀኛ ልጅና ሐሰተኛ ልጅ ብሎ መክፈል አስቸገረ።

ይህና የፕሪንስተኑ ጥናት ተደምረው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፈላስፎችን አነሣሡ። ጊልበርት ሃርማን በ1999፣ ጆን ዶሪስ በ2002 አርስቶትል የገነባውን የመልካም ጠባይ ትምህርት በእነዚህ ሰንጠረዦች ሞገቱት፤ ሰው የሚሠራውን የሚወስነው ጠባዩ ሳይሆን የገባበት ሁኔታ ነው በሚል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ሲሞር ኤፕስታይን ግን ፈላስፎቹ ገና ሳይነሡ፣ በ1979፣ የአንድ ሰው የብዙ ቀን ድርጊት በአንድነት ሲታይ ጠባዩ ጸንቶ እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር። አርስቶትልም ቢሆን ጠባይ በአንድ ቀትር ይታያል አላለም። የአንድ ከሰዓት ሙከራ የሚይዘው ያንን ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰው ጠባይ የለውም ማለት አንድ ገጽ አንብቦ መጽሐፉ ታሪክ የለውም እንደማለት ይሆናል።

ወደ ውሸቱ እንመለስ፤ ከሁሉ የገነነው ውሸት ያለው ኒው ሄቨን ውስጥ ነውና። በ1961 የዬል ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ሚልግራም ስለ ትውስታና ትምህርት ለሚደረግ ጥናት በጋዜጣ ሰዎችን ጠራ፤ ለአንድ ሰዓት 4 ዶላር፣ ለመጓጓዣ 50 ሳንቲም። የፖስታ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ሻጭ፣ መሐንዲስ፣ የቀን ሠራተኛ መጣ። ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የተቀነባበረ ስለሆነ የመጣው ሰው ሁልጊዜ «አስተማሪ» ይሆናል። «ተማሪው» በሌላ ክፍል ወንበር ላይ ይታሰርና በተሳሳተ ቁጥር ከ15 እስከ 450 ቮልት የሚያድግ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይላክበታል፤ ወይም አስተማሪው የሚላክ ይመስለዋል። 30 ማብሪያዎች አሉ። በ300 ቮልት ተማሪው ግድግዳውን ይደበድባል፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል። አስተማሪው ሲያመነታ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ረጋ ብሎ ቀጥል ይለዋል። ያ ሰው በሕይወቱ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር።

ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው ማብሪያ ሄዱ። ሚልግራም የጠየቃቸው የአእምሮ ሐኪሞች እስከዚያ የሚሄደው ከሺህ አንድ ያህል ነው ብለው ነበር። በ1963 የታተመው ዘገባ ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። ተሳታፊዎቹ ላባቸው ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይንተባተባሉ፤ 14ቱ ያለቦታው ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ ሦስቱን ሊቆጣጠሩት ያልቻሉት መንዘፍዘፍ ያዛቸው፤ ከእነሱ አንዱ ስለባሰበት ሙከራው ተቋረጠ። በልበ ሙሉነት ፈገግ ብሎ የገባ አንድ ነጋዴ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራሱን መግዛት እስኪሳነው ድረስ እንደተብረከረከ ሚልግራም ራሱ ጽፏል። ይህን የሚያየው ከወዲያ ማዶ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ ነበር።

ከመስታወቱ በአንዱ በኩል፣ ሌላ ሰው ሲሠቃይ እየሰማ ለሳይንስ ነው ብሎ የሚቀጥል ሰው አለ። በሌላው በኩልም፣ ሌላ ሰው ሲሠቃይ እያየ ለሳይንስ ነው ብሎ ቀጣዩን ተሳታፊ የሚያስገባ ሰው አለ፤ እስከ 1962 ሜይ ድረስ፣ ሙከራውን እየለዋወጠ፣ 780 ያህል ሰው አስገብቷል። የሚፈተኑት ሁለት ናቸው፤ ውጤቱ የታተመው ግን የአንዱ ነው።

የሁለተኛውን ውጤት መጀመሪያ ያነበበችው ዳያና ባውምሪንድ ናት። በ1964 ባወጣችው ሂስ የተሳታፊዎቹ ክብር መነካቱን ስትናገር ብዙ ሰው ያስታውሳታል፤ ስለ ዘዴው የተናገረችው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚገባው አምኖ ነው አለች፤ እዚያ የሚታየው መታዘዝ ገና በሩ ላይ ካመጣው እምነት አይነጠልም። ስለዚህ ሚልግራም እንዳሰበው ከናዚ መኮንን ሥር ስለሚታዘዝ ሰው ሊነግረን አይችልም። ሚልግራም መልስ አላጣም። ከተጠየቁት 84 በመቶው በመሳተፋቸው ደስ ብሏቸዋል፣ የተቆጩት 1.3 በመቶ ናቸው አለ። ከተመታ በኋላ «ይሁን፣ ደግ አደረግህ» የሚል ሰው ምን ያህል መታመን እንዳለበት ግን መታዘዝን ራሱን ከሚያጠና ሰው በላይ ሊጠራጠር የሚገባው አልነበረም።

ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ የዬል ቤተ መዛግብት ሲገላበጥ ባውምሪንድን የሚያግዝ ነገር ተገኘ። አውስትራሊያዊቷ ጂና ፔሪ የድምፅ ቅጂዎቹን አዳምጣ፣ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች «ተማሪው» ምንም እንዳልነካው በደንብ ሳይነገራቸው ወደ ቤታቸው መሄዳቸውን ጻፈች፤ እውነቱ የደረሳቸው ከወራት በኋላ በፖስታ ነው። በመጠይቁ ላይ ንዝረቱ እውነት መሆኑን ፍጹም አምነን ነበር ያሉትም 56 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጄሪ በርገር ሙከራውን በጥንቃቄ ደግሞ ውጤቱን በ2009 ሲያሳትም አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። ካፖርት ለባሹ ከሚናገራቸው አራት ማበረታቻዎች የመጨረሻው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ነው፤ ምርጫ የለህም የሚል። ያንን ትእዛዝ ከሰሙት አንድም ሰው አልቀጠለም። ሰዎቹ የቀጠሉት ሙከራው ያስፈልገዋል ሲባሉ ነበር። አሌክስ ሃስላምና ስቲቨን ራይከር ከዚህ ተነሥተው፣ የታየው ጭፍን መታዘዝ ሳይሆን ለመልካም ዓላማ እየሠራሁ ነው ብሎ ማመን ነው ይላሉ። ትርጓሜያቸው ትክክል ከሆነ፣ መርዙን ያስጠጣው ሳይንስ ራሱ ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የማስመሰያ እስር ቤት ሙከራ ነገር ከዚህም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያናግርም። በ1971 ኦገስት ፊሊፕ ዚምባርዶ 24 ወጣቶችን ለእስረኛነትና ለጠባቂነት በቀን 15 ዶላር መረጠ፤ ለሁለት ሳምንት የታሰበው በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ። ጠባቂዎቹ በራሳቸው ጨካኝ ሆኑ ተብሎ ለአርባ ዓመት ሲነገር ቆየ። ፈረንሳዊው ቲቦ ለ ቴክሲዬ መዛግብቱን አገላብጦ በ2018 ባወጣው መጽሐፍ፣ ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ይመከሩ እንደነበር አሳየ። የእስር ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ይተውን የነበረው ዚምባርዶ ራሱ ነው። ይበቃል ያለችው ክርስቲና ማስላክ ስትሆን፣ መጥታ ያየችው እንጂ ሙከራውን የምትመራ አልነበረችም።

በዚህ መስክ ውሸት በተሳታፊው ላይ ብቻ ሳይቀር ወደ አንባቢውም የተሻገረበት ጊዜ አለ። በ2011 የቲልበርግ ዩኒቨርሲቲው ዲዴሪክ ስታፐል ለዓመታት መረጃ ሲፈጥር እንደኖረ ታወቀ፤ ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። በ2015 የ100 የሥነ ልቦና ጥናቶች ድጋሚ ሙከራ ውጤት ሲወጣ ከመጀመሪያው የተመሳሰለው 36 በመቶ ያህሉ ነበር፤ የማኅበራዊ ሥነ ልቦናው ክፍል ደግሞ ከዚያም አነሰ። ከሁሉም ምጸት የበዛበት በ2012 የታተመ ጥናት ነው። ሰዎች ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ከላይ በኩል ሲፈርሙ ሐቀኛ ይሆናሉ ይል ነበር። በ2021 ከመረጃዎቹ አንዱ ክፍል የተፈበረከ መሆኑ ተደርሶበት ጽሑፉ ተሰረዘ።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች የቀረጹትን 219 ጠብ የመረመረ ጥናት፣ በ91 በመቶው ቢያንስ አንድ ተመልካች ጠቡን ለማብረድ ጣልቃ መግባቱን አሳይቷል። ሰው በበዛበት የሚረዳ የለም ለሚለው የቤተ ሙከራ ትምህርት ይህ ቀላል መልስ አይደለም። እዚያ ማንም አልተዋሸም፤ ካሜራውን ማንም አስፈቅዶ አልሰቀለውም እንጂ።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ወደ ባሌ ይወስዳል። ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ደናቸውን በጋራ የሚያስተዳድሩ 49 የባሌ ኦሮሞ ማኅበራትን፣ 679 ሰዎችን፣ ይመለከታል። ተመራማሪዎቹ ለሰዎቹ እውነተኛ ገንዘብ ሰጡ። ጨዋታው አጭር ነው፦ ከዚህ ውስጥ ለጋራ የምታወጣው ስንት ነው፤ ባልንጀራህ ይህን ያህል ቢያወጣስ? ደንቡ በግልጽ ተነገረ፤ የተባለው ሁሉ እንደተባለው ተፈጸመ። በሙከራ ኢኮኖሚክስ ተሳታፊን መዋሸት ነውር ነው፤ አንዱን ያታለለ ቤተ ሙከራ የሌላውንም አመኔታ ያጠፋል ከሚል እምነት። ይህ ደንብ ከባውምሪንድ ሂስ ጋር ዘመድ ነው።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ ወደ ደኑ ሄዱ። ባልንጀራዬ ከሰጠ እሰጣለሁ የሚሉ ሰዎች የበዙበት ማኅበር ደኑ የተሻለ ነው፤ በሄክታር የሚቆጠረው ዛፍ ይበልጣል። ምክንያቱም ተገኘ፦ እንዲህ ያሉ ሰዎች ቁጭ ብለው ሌላውን በማመን አይቀሩም፤ ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ማን እንደሚቆርጥም ያያሉ። በአንድ ጨዋታ የታየው ጠባይ በዓመታት ከበቀለ ዛፍ ጋር ተመሳከረ። ይህ ዕድል የፕሪንስተኑ መተላለፊያ አልነበረውም፤ ሴሚናሪስቱ ያን ቀን ከሕንፃው ወጥቶ በቀረው ዕድሜው ስንት ሰው እንደደገፈ ማንም አልጠየቀም።

የባሌው ዘዴም ዳር ድንበር አለው። እየተጫወተ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው በር ሥር የሚያቃስት ሰው ማሳየት አይቻልም፤ ድንገተኛ ርኅራኄ፣ ድንጋጤ፣ ፍርሃት በደንብ ከተብራራ ጨዋታ አይወጡም። ስለዚህ አንዳንድ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ለምሳሌ በርገር ሙከራውን የደገመው በ150 ቮልት ላይ እየቆመ ነው፤ በሥነ ምግባር ምክንያት። 70 በመቶው ከ150 ሊያልፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያደርጉ ነበር የሚለውን የሚመልሰው ግምት ነው።

በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የምርምር ሕግና በ1979 የተከተለው የቤልሞንት ዘገባ ተመራማሪውን በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አቁመውታል፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበር፣ በተለይ ከ1932 እስከ 1972 በተስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ገበሬዎች ሳይታከሙ በጥናት ስም ከተተዉ በኋላ። ኮሚቴው ግን በር ላይ የሚቆመው በዩኒቨርሲቲ ነው። በማርች 2010 በፈረንሳይ ቴሌቪዥን የታየ ዘጋቢ ፊልም የሚልግራምን ሙከራ የጥያቄና መልስ ውድድር አስመስሎ ሠርቶታል፤ አቅራቢዋ ስታዝ፣ ተመልካች ሲያጨበጭብ፣ ከአምስት ተወዳዳሪዎች አራቱ ያህል እስከ መጨረሻው ሄዱ። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ ፌስቡክ ለአንድ ሳምንት 689,003 ተጠቃሚዎች ከወዳጆቻቸው የሚያዩትን ልጥፍ እያጣራ፣ ደስታ ወይም ኀዘን ሲቀነስባቸው የሚጽፉት ይለወጥ እንደሆነ ፈተነ። ተለወጠ፤ ለውጡ ግን በጣም ኢምንት ነበር። ማንም አልተጠየቀም፤ ኋላም ለእያንዳንዱ የነገረው የለም። በጥናቱ የተባበሩት ምሁራን የነበሩበት ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ሙከራውን ያካሄደው ኩባንያው ለራሱ ጉዳይ ስለሆነ የኛን ኮሚቴ አይመለከትም አለ። ጽሑፉን በ2014 ያሳተመው መጽሔት በሚቀጥለው ወር አሳሳቢ ነው የሚል የአዘጋጅ ማስታወሻ ጨመረበት፤ ጽሑፉን ግን አልሰረዘውም።